የኤርገኖ አውራ ጣት

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንስማማ፣ እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ የማምን ሰው አይደለሁም፣ ኮልፌ ውስጥ የሚያውቀኝን ማንንም ብትጠይቅ ይመሰክርልሃል፣ ጎረቤቶቼ ጥላ አየን፣ ድምፅ ሰማን ብለው በር ሲቀረቅሩ እኔ ባትሪዬን ይዤ ወጥቼ ድመቷን አባርሬ የምመለስ፣ ጠንቋይ ቤት ደርሶ የመጣውን ደግሞ በሰው መሀል የምስቅበት ሰው ነበርኩ። ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፣ በዚህ ደግሞ አላፍርም፣ እኮራበታለሁ እንጂ፣ ፊደል የለየሁት የአጎቴ ቤት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ነው፣ እንግሊዝኛውን ያወቅሁት ሽፋን ከሌለው አንድ መዝገበ ቃላት ነው፣ አንብቤ ያልገባኝ ነገር ካለ ጥፋቱ የጸሐፊው ነው ብዬ የማምን ሰው ነኝ። ይህን ሁሉ የምልህ ለጉራ አይደለም፣ እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው፣ ዋናው ግን የሚያወራህ ማን እንደሆነ እንድታውቅ ነው።

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ዘመን መጨረሻ፣ ኮልፌ ገና ግማሹ ባሕር ዛፍ ግማሹ ጭቃ በነበረበት ጊዜ ነው፣ እኔ በሰፈሩ ፖሊስ ጣቢያ አስር አለቃ ነበርኩ። አንድ ቀን ከበላይ መሥሪያ ቤት የእንጨት ሣጥን ተላከልን፣ ሲከፈት በውስጡ አንድ መስታወት፣ ጥቁር ቀለም፣ ቀለሙን መስታወቱ ላይ የሚዳምጥ ተንከባላይ ላስቲክ፣ አመድ የመሰለ ዱቄት፣ የሴት ጠጉር የመሰለ ለስላሳ ብሩሽ፣ አጉሊ መነጽርና የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበረ። የጣት አሻራ ማንሻ ነው ተባለ። ኮርስ እንዲወስድ የተመረጠው ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ አንድ ልጅ ነበር፣ እሱ ወዲያው ወደ ክፍለ ሀገር ተዛወረና ሣጥኑ አቧራ ሊጠጣ ሆነ። እኔ መጽሐፉን ብብቴ ሥር አድርጌ ቤቴ ወሰድኩት፣ በሃያ አንድ ቀን ጨረስኩት። ጨረስኩት ስልህ፣ ሥዕል ያለባቸውን ምዕራፎች በሙሉ ጨረስኩ፣ መጨረሻ ላይ ሥዕል የሌለው፣ ጥቅጥቅ ያለ አንድ ምዕራፍ ነበረ፣ እሱን ገለጥ ገለጥ አድርጌ ተውኩት።

እመነኝ፣ ከዚያ በኋላ በጣቢያው ውስጥ እኔን የሚያህል አልነበረም። ሻምበላችን እንግዳ ሲመጣበት «አስር አለቃ ተሰማ፣ እስቲ አሳያቸው» ይለኛል፣ እኔም የሻይ ብርጭቆ ላይ ዱቄት ነስንሼ በብሩሽ ሳብ ሳደርግ የእንግዳው ጣት ብቅ ይላል፣ ሰውየው ክው ይላል፣ እኔ ደግሞ «ጣት አይዋሽም» እላለሁ፣ ይህችን ቃል ራሴ ነኝ የፈጠርኳት። ድሮ አባቴ ስለ ሌባሻይ ያጫውተኝ ነበር፣ ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡትና ልጁ እንደ አበደ ሮጦ የወደቀበት ቤት ጌታ ሌባ ነው ተብሎ ይያዛል፣ እና ያን ጊዜ ጣቢያው ውስጥ ቁጭ ብዬ «የኛ አባቶች ምን ያህል ጨለማ ውስጥ ነበሩ» እያልኩ ለብቻዬ እስቅ ነበር።

እንግዲህ በዚያው ዓመት ሐጂ ሸምሱ የሚባሉ የተከበሩ ሰው የልብስ ስፌት ቤታቸው በሌሊት ተሰብሮ ሁለት የስፌት መኪና ተወሰደባቸው። ጠዋት ስንደርስ ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቧል፣ የስፌት ቤቱ ፋኖስ ደጃፉ ላይ ወድቋል፣ ብርጭቆው ግን አልተሰበረም። እኔ ሰውን ገፋ ገፋ አድርጌ ገባሁ፣ ፋኖሱን አነሳሁና ከፍ አድርጌ ለሕዝቡ አሳየሁ፣ «ሌባው ይህን ይዞ ከሆነ አለቀለት!» አልኩ። ይህችን አነሳሴን በልብህ ያዝልኝ።

ከእኔ የሚበልጡት ሃምሳ አለቃ ደግፌ የድሮ ሰው ነበሩ፣ መሣሪያቸው ዱላና ትዕግሥት ነው። ወደ ጎን ሳቡኝ።

«ስማ ተሰማ፣ ነገ ሕዝቡን ሜዳ ላይ ሰብስበን አውጫጭኝ እንቀመጥ። ሁሉም እየማለ ያየውን የሰማውን ያውጣ፣ ሌባው እስኪታወቅ ማንም ቤቱ አይገባም። ሴቶቹ ደግሞ የማያውቁት ነገር የለም።»

«ሃምሳ አለቃ፣ እርስዎ ገና አውጫጭኝ ላይ ነዎት? ሌባው እኮ ስሙን ብርጭቆው ላይ ጽፎልን ሄዷል።»

«እሱን ጽሕፈት ማን ያነበዋል?»

«እኔ ነኛ!»

«ሌላስ?»

«ሌላ ማን ይምጣልዎት፣ ኮልፌን ቢያምሱ ከእኔ ሌላ የለም!» አልኩና በዙሪያችን ያለው ሰው ሳቀ፣ እሳቸውም ባርኔጣቸውን አስተካከሉ።

ዱቄቱን ብነሰንስ ብርጭቆው ላይ አንድ የሚያምር አውራ ጣት ወጣ። ከስፌት ቤቱ አጠገብ የሚኖሩና የሚሠሩ ወንዶችን ሁሉ ጣቢያ አስጠርቼ አሻራቸውን ተራ በተራ አነሳሁ፣ ሰባተኛው ላይ ቆምኩ። ሰባተኛው ኤርገኖ ነበር፣ ከደቡብ ምዕራብ አገር የመጣ፣ በሐጂ የጓሮ ግድግዳ ጥግ ቀርከሃ እየሰነጠቀ ቅርጫትና ምንጣፍ የሚሠራ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው፣ ከእሱ ይልቅ ሥራው ይሰማል፣ ቢላው ቀርከሃው ውስጥ ሲገባ ጧ! ይላል፣ ከዚያ ሽርርር ብሎ እስከ ጫፉ ይወርዳል፣ ያን ድምፅ የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም። የቀኝ አውራ ጣቱን ቀርከሃ ሁለት ቦታ ቆርጦት የዶሮ እግር የመሰለ ጠባሳ አለው። እኔም ብርጭቆው ላይ ካለው አሻራ መሀል ነጣ ያለ መስመር አየሁ። አየሁ ነው የምልህ፣ አሁን ሳስበው ማየት ፈልጌ ነበር፣ ሻምበሉ ከኋላዬ ቆሞ «ምን ተገኘ?» እያለኝ ነበር።

«ጌታዬ፣ ያን ሌሊት ሚስቴ ምጥ ላይ ነበረች» አለ ኤርገኖ፣ «እግሬ ከደጅ አልወጣም፣ ጎረቤት ይጠየቅልኝ።»

«ጎረቤት ይዋሻል፣ ጣት አይዋሽም!»

ሐጂ ሸምሱ ራሳቸው ጣቢያ ድረስ መጡ፣ ከዘራቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አጋደሙና «ልጄ፣ የተሰረቅሁት እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ ይህ ሰው አይደለም እላለሁ፣ ወላሂ የሱቄን ቁልፍ እሱ ዘንድ ጥዬ ጁምዓ የምሄድ ሰው ነኝ» አሉኝ። እኔ መነጽሩን ሰጠኋቸውና «ይመልከቱ ሐጂ፣ ሳይንስ ነው» አልኳቸው። ጎንበስ ብለው አዩ፣ ቀና አሉና «እኔ የማየው የተጠመጠመ ክር ነው» ብለው ከዘራቸውን ይዘው ወጡ።

ፍርድ ቤት ቀርቤ ማልኩ። ዳኛው የጎረቤት ሴቶችን ሰማ፣ ከዚያ እኔን ሰማ፣ የእኔ መስታወትና ዱቄት ከሴቶቹ በለጠ። ሦስት ዓመት ተፈረደበት። ወታደሮቹ ሲወስዱት አጠገቤ ሲደርስ ቆም አለ፣ አይኑን ከመሬት አላነሳም፣ በዚያች ቀጭን ድምፁ «ጌታዬ፣ ጣቴን እርስዎ ዘንድ ትቼ ነው የምሄድ፣ አደራ» አለኝና አለፈ። እኔ ለባልደረቦቼ «ሰማችሁት? ሊያስፈራራኝ!» ብዬ ሳቅሁ፣ ሃምሳ አለቃ ደግፌ ብቻ አልሳቁም።

አሁን ወደዚያች ቀን ልምጣ። ክረምት ነው፣ ኤርገኖ ከታሰረ አራት ወር አልፎታል፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ይሆናል፣ ሰማዩ ግን የመሸ መስሏል፣ በረዶው ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ባልደረቦቼ ጎርፍ ያፈረሰው ቤት አለ ተብለው ወጥተዋል፣ ጣቢያው ውስጥ እኔና አንድ ማንደጃ ከሰል ብቻ ነን። የአሻራ ካርዶቼን እያስተካከልኩ ነበር። በረዶው ጋብ ሲል፣ ስማ እንግዲህ፣ ከጥግ ካለው ቁም ሣጥን በኩል ጧ! አለ።

እንጨቱ ነው አልኩ፣ ዝናብ ሲሆን እንጨት ይንቋቋል፣ ይህን የማያውቅ ማነው። ጥቂት ቆየና ሽርርር አለ፣ ረጅም፣ እስከ ጫፍ ድረስ። እጄ ካርዱ ላይ ቀረ። ተነስቼ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩት፣ ውስጡ የታሰሩ ፋይሎች አሉ፣ በጥጥ የተጠቀለለው የሐጂ ሸምሱ የፋኖስ ብርጭቆ አለ፣ ሌላ ምንም የለም። ዘጋሁት። ከጀርባዬ እንደገና ጧ! ዞር ስል የመስኮቱ መስታወት ከውስጥ በእንፋሎት ታፍኗል፣ ከእንፋሎቱ መሀል ደግሞ አንድ አውራ ጣት ታትሟል፣ ገና ውኃው ከሥሩ እየወረደ ነው።

ልብ በል፣ እኔ ልጅ አይደለሁም፣ ጩኸትም አላውቅም። ያደረግሁትን ልንገርህ፣ የተማረ ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረግሁት። መነጽሬን አነሳሁና መስኮቱ ላይ ያለውን አየሁ፣ የኤርገኖን ካርድ አወጣሁና አየሁ። የዶሮ እግሩ አለ። ሁለቱም መስመር፣ በቦታቸው። «መስኮቱን የነካሁት እኔው ነኝ፣ ዓይኔ ደክሞ ነው» አልኩ፣ ይህንኑ ለማረጋገጥ ቀለሙን መስታወት ላይ ዳመጥኩና የራሴን ቀኝ አውራ ጣት ነክሬ ወረቀት ላይ አሳረፍኩ። አየህ፣ የስንቱን የኮልፌ ሰው ጣት ቀለም ውስጥ ስነክር የራሴን አንድም ቀን ነክሬ አላውቅም፣ ለምን ብዬ፣ ሌባ አይደለሁ!

ወረቀቱ ላይ የወጣው ኤርገኖ ነበር።

ጣቴን ወደ ብርሃን አዞርኩት፣ በላምባ አጥቤ አየሁት፣ ለስላሳ ነው፣ አንዲት ጭረት የለበትም። ደግሜ አተምኩ፣ የዶሮ እግሩ ወጣ። ዘጠኙን ሌሎች ጣቶቼን አተምኩ፣ ምንም የላቸውም፣ አውራ ጣቴን ለሦስተኛ ጊዜ አተምኩ፣ ያው እሱ። ብርጭቆውን ከጥጡ አውጥቼ አጠገቡ አስቀመጥኩ፣ ብርጭቆው፣ ካርዱ፣ የእኔ ወረቀት፣ ሦስቱም አንድ ናቸው።

ያን ጊዜ ነው መጽሐፉ ትዝ ያለኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም የሚለው ይኖራል ብዬ ያቺን ሥዕል የሌላትን ምዕራፍ ገለጥኩ፣ በመዝገበ ቃላት፣ አንድ አንድ ቃል እየለቀምኩ አነበብኩ። የመጀመሪያው መስመር የሚለው ይህን ነው፣ ከሁሉ በፊት ዕቃውን የነካውን ፖሊስ የራሱን አሻራ አንሱና ለዩ። ለካ ባዶ እጄን ፋኖሱን ሳነሳ፣ ከፍ አድርጌ ለሕዝቡ ሳሳይ፣ አውራ ጣቴ ያረፈው ብርጭቆው ላይ ነበር።

ብርጭቆው ላይ ያለው የእኔ ከሆነ ኤርገኖ ያለ ጥፋቱ ነው የታሰረ። ይህ ግልጽ ነው፣ ምንም ምትሐት የለበትም፣ ስህተት ነው። ያልገባኝ ሌላው ነው፣ የሰውየው ጠባሳ ከእኔ ጣት ምን ያደርጋል? ወይ ያን ቀን ያለኝን ቃል ተከትሎ ጣቱ ወደ እኔ መጥቷል፣ ወይ ከመጀመሪያውኑ የእኔ ነበር። እስከ ዛሬ የትኛውን የበለጠ እንደምፈራ አላወቅሁም።

ግድግዳው ላይ ስልክ ነበረ። ወደ በላይ መሥሪያ ቤት ደውዬ «የአሻራ አዋቂ ላኩልኝ፣ የማስመረምረው አለኝ» ብል ሌላ የሚያነብ ሰው ይመጣ ነበር፣ ኤርገኖም በሳምንት ውስጥ ሚስቱ ዘንድ ይገባ ነበር። እጀታውን አሽከረከርኩ፣ መስመር ላይ ያለችው ልጅ «አቤት፣ የት ላገናኝዎ?» አለች። አፌን ከፈትኩ። ሻምበሉ ታየኝ፣ ክው የሚሉት እንግዶች ታዩኝ፣ ያ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰው ልጅ «ድሮም ያልተማረ ሰው» ሲል ተሰማኝ። «ግድ የለም እህቴ፣ ተዪው» አልኳትና ሰቀልኩት።

ሃምሳ አለቃ ደግፌ በዝናብ ርሰው፣ ጭቃ እየጎተቱ የገቡት ያን ጊዜ ነው።

«ምነው፣ ቀለም ጠጣህ እንዴ? ፊትህ ጠቁሯል።»

ወረቀቱንና ካርዱን ገፋሁላቸው፣ መነጽሩን እጃቸው ላይ አደረግሁላቸው። «እስቲ ይዩልኝ ሃምሳ አለቃ። እነዚህ ሁለቱ አንድ ናቸው ወይስ አይደሉም? በእግዚአብሔር፣ እውነቱን።»

ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ፣ ከካፖርታቸው ላይ ውኃ ጠረጴዛዬ ላይ ይንጠባጠባል። ከዚያ መነጽሩን ቀስ ብለው አስቀመጡት።

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣» አሉኝ፣ «ከአንተ በቀር የሚያነበው የለም ብለኸን የለ።»

ለመሳደብ አልነበረም ያሉት፣ በቅንነት ነው፣ ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ ያለው። እሳቸው ልብሳቸውን ሊጨምቁ ወደ ውስጥ ሲያልፉ ወረቀቱን አጣጥፌ ከሰሉ ላይ አደረግሁት፣ ብርጭቆውንም ያንኑ ቀን በሳሙና አጠብኩት። የመስኮቱን እንፋሎት በእጅጌዬ ጠረግሁት። ነገ እደውላለሁ አልኩ። እመነኝ፣ ከልቤ ነበር ያልኩት፣ ነገ ሲመጣም ከነገ ወዲያ አልኩ።

ኤርገኖ እስር ቤት ውስጥ ተስቦ ይዞት ሞተ፣ በዓመቱ ገደማ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሁለቱ የስፌት መኪናዎች ከአስኮ በላይ አንድ ጎተራ ውስጥ ተገኙ፣ የያዟቸው ወንድማማቾች ሁሉንም አመኑ፣ ኤርገኖ የሚባል ሰው እንደማያውቁ ምለው ተናገሩ። ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በዚያ በራሴ ባስተማርኩት ጥሩ የእጅ ጽሑፍ «የኤርገኖ ግብረ አበሮች ተያዙ» ብዬ ጻፍኩ። ሐጂ ሸምሱ መኪናዎቻቸውን ሊረከቡ ሲመጡ ወረቀቱን አስነብበው ሰሙ፣ እጄን አልጨበጡኝም፣ ከዚያም እስከ ሞታቸው ሰላምታዬን ራሳቸውን በመነቅነቅ ብቻ ይመልሱ ነበር። እኔ ሣጥኑን ለሌላ አስረክቤ ወደ ትራፊክ እንዲያዛውሩኝ ጠየቅሁ፣ ሰው ሁሉ ገረመው።

ከዚያ በኋላ ጣቴን ቀለም አላስነካሁም። ጡረታ ስወጣ፣ ቤት ሳስመዘግብ፣ በሄድኩበት ሁሉ «እኔ ፈራሚ ነኝ!» እያልኩ እስክሪብቶ እጠይቃለሁ፣ ልጆቼም «አባባ በፊርማው ይኮራል» ይላሉ፣ እንደዚያ መስሏቸው ይኑሩ። ባለፈው ግን አዲሱን መታወቂያ ለማውጣት አሥሩም ጣት መስታወት ላይ ይረፍ ተባለ፣ ቀለም የለው፣ ዱቄት የለው፣ አረንጓዴ መብራት ብቻ፣ ፖሊሱም ዛሬ በዚሁ ነው ሰው የሚለይ አሉኝ። ሠራተኛዋ ፊቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ «አባባ፣ ቀኝ አውራ ጣትዎ ላይ ጠባሳ አለ አይደል? ይጥረጉትና እንደገና» አለችኝ። ጣቴን አየሁት፣ ተሸብሽቧል እንጂ ምንም የለበትም። ጠርጌ ደገምኩ። «እንዳለ ነው፣ ችግር የለውም፣ ይመዘግበዋል» አለች።

ከዚያ በቀጥታ የሄድኩት ወደ ቤቴል መውጫ ወዳለች አንዲት ሻይ ቤት ነው። ባለቤቷ ምስክር ትባላለች፣ አባቷ ኤርገኖ የምጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ በቆመበት ሌሊት የተወለደችው እሷ ናት፣ እናቷ ስሙን ያወጣችላት ከፍርዱ በኋላ ነው። አባቷን ፖሊስ እንዳሳሰረው ታውቃለች፣ የትኛው ፖሊስ እንደሆነ አታውቅም፣ እኔ ለእሷ ወሬ የሚወድ የሰፈር ሽማግሌ ነኝ። ዓመታት ሙሉ ሻይዋን ስጠጣ ብርጭቆውን የምይዘው በግራ እጄ ነበር፣ ስትቀልድብኝም «ቀኜን ቁርጥማት ይዞታል» እላታለሁ።

ያን ቀን በቀኜ ያዝኩት። ሻዩ እስኪያልቅ አውራ ጣቴን ብርጭቆው ላይ ጫን አድርጌ ቆየሁ፣ ከዚያ ወደ በሩ ብርሃን ከፍ አድርጌ አየሁት፣ አለ፣ ከነሁለቱ መስመሮቹ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ጠበቅሁ። ልነግራት ነበር፣ እውነቴን ነው፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ዛሬ በቀኝ! ቁርጥማቱ ለቀቀዎት አባባ?» አለችኝ፣ ብርጭቆውን አነሳችና ሳፋው ውስጥ ነክራ በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችው፣ አወጣችና አራግፋ ደፋችው። «ሌላ ልድገምልዎት?»